ብልቃጡን ገልብጠው ለማያዩ የቀረበ ምስጋና

ቫይታሚን ሲገዙ ብልቃጡን ገልብጠው የጀርባውን ደቃቅ ጽሑፍ የሚያነቡ ሰዎች አሉ። ተጠራጣሪዎች ናቸው፤ እንተዋቸው። ዛሬ የምናመሰግነው የፊቱን ሥዕል አይቶ ገንዘቡን የሚያወጣውን ጀግና ነው።

የእምነቱ ጽናት ያስቀናል። ብልቃጡ ላይ ደረተ ሰፊ ሰውዬ ካለ ጡንቻ፣ አረንጓዴ ቅጠል ካለ ጤና ገዝቷል። «ተፈጥሯዊ» የሚል ከተጻፈበትማ አለቀ። አርሰኒክም እኮ ተፈጥሯዊ ነው ብትሉት ይቀየማችኋል። ደግሞ ምን አጨቃጨቀው? ያቺ ተጽዕኖ ፈጣሪ በቪዲዮዋ መስክራለች፣ የቅናሽ ኮድም ሰጥታዋለች። የደም ምርመራ አድርጎ ምን እንደሚጎድለው ማወቅ ኮድ ለሌለው ሰው ነው።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የቁጥር ፍቅሩ ነው። የዕለት ፍላጎትህን 100 በመቶ ይሸፍናል የሚል ብልቃጥ አይመጥነውም፤ 2000 በመቶ ካላለ አይነካውም። ሰውነት ከቫይታሚን ሲ የተረፈውን በሽንት ያስወጣል። ቢ2 በብዛት ሲወሰድ ደግሞ ሽንቱን ደማቅ ቢጫ ያደርገዋል። ጀግናችን ይህን አይቶ «እየሠራ ነው!» ይላል። ገንዘቡ ሲሄድ በዓይኑ እያየ የሚደሰት ሰው ከየት ይገኛል? ቫይታሚን ኤ እና ዲ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሸኙም፤ ሰውነት ውስጥ ይከማቻሉ። ለአዋቂ የተቀመጠው ጣሪያ ከቫይታሚን ዲ በቀን 100 ማይክሮ ግራም፣ ሰውነት ራሱ ከሚሠራው ሳይሆን ተዘጋጅቶ ከሚመጣው ቫይታሚን ኤ ደግሞ 3000 ማይክሮ ግራም ነው። ቢ6 እንኳ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ነርቭ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ በሆነ የፊንላንድ ጥናት ቤታ ካሮቲን (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረውን የአትክልት ቀለም) የወሰዱ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር ቀንሶ ሳይሆን ጨምሮ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ጣሪያ የተሠራው ለፈሪ ነው።

ምስጢር አክባሪም ነው። «ልዩ ቅይጥ» በሚል ስም የ12 ነገሮች ዝርዝር ይቀርብለታል፤ የክብደቱ ድምር አለ፣ የእያንዳንዱ መጠን ግን የለም። ውዱ ነገር ለስም ያህል ብቻ ይነስነስበት አይነስነስበት፣ እሱ አይጠይቅም። የሰው ጓዳ መበርበር ነውር ነዋ! ማግኒዚየም ሲገዛም ኦክሳይድ ይሁን ሲትሬት አይለይም። ኦክሳይዱን ሰውነት በደንብ አይቀበለውም፤ ግን ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሌላ ምን ይፈለጋል?

የመድኃኒት ጥራት መስፈርት እንደሚያወጣው እንደ አሜሪካው ዩኤስፒ ያሉ ገለልተኛ ተቋማት ማህተም የሚሰጡት በብልቃጡ የተጻፈው በእርግጥ ውስጡ መኖሩን፣ እንደ እርሳስ ያለ ብክለትም ከወሰን አለማለፉን ፈትሸው ነው። አሜሪካ ውስጥ አምራቹ ምርቱ እንደሚሠራ ለተቆጣጣሪው ሳያረጋግጥ መሸጥ ስለሚችል ማህተሟ ጥቅም አላት። ግን ትንሽ ናት፤ ከወርቃማው ተለጣፊ አጠገብ ዓይን አትገባም።

ለማርገዝ ያሰበች ሴት በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ብትወስድ የጽንሱን የአከርካሪና የአንጎል ጉድለት ስጋት ይቀንሳል። ይህ የተረጋገጠ ነው፤ ርካሽም ነው። ለዚህ ይሆን ማንም የማይጨፍርበት?

ጀግናችን ለጸጉሩ ብሎ ቢዮቲን የተባለውን የቢ ቫይታሚን በገፍ ይውጣል። ቢዮቲን አንዳንድ የደም ምርመራዎችን ያዛባል፤ የታይሮይዱን፣ ይባስ ብሎም ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የሚታወቅበትን። ሐኪሙ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ሲለው «ኧረ ምንም» ይላል። ልክ ነው፣ ቫይታሚን መድኃኒት ነው እንዴ? ውጤቱ ሐኪሙን ግራ ያጋባዋል። ምርመራው ይደገም ይላል፣ ግንባሩን ያሻሻል፣ ወረቀቱን ደግሞ ደጋግሞ ያያል። ጀግናችን ያዝንለታል፤ ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር ሳይጎድለው አይቀርም ብሎ የቅናሽ ኮዱን ይልክለታል።