ይታደስ እንጂ ይሸፈን መቼ አልኩ?

የአያቴን የጭቃ ቤት እንዲያድስ የጠራሁት ሰውዬ የግቢውን በር ዘግቶ ከወጣ ገና ሰዓት አልሞላም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ቤቱን ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ በረንዳው ላይ ተቀምጣችሁ የእማዬን ቡና ጠጥታችኋል። ከመንገድ የሚታየው ፊቱ መጎዳቱን አልክድም። ልስኑ ከመስኮቶቹ ሥር ተልጧል፣ አሸንዳው ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል፣ የበረንዳው እንጨት ፀሐይ ጠጥቶ ነጥቷል፣ የላሜራውን በር ከታች ዝገት በልቶታል። ሰው የጠራሁትም ለዚሁ ነው። የጠየቅሁት ደግሞ ግልጽ ነው፤ አሸንዳው ይጠገን፣ የወደቀው ልስን ጭድ ባለው ጭቃ ተሞልቶ ኖራ ይቀባ፣ የበረንዳው እንጨት ተፍቆ የተልባ ዘይት ይጠጣ፣ የበሩ ዝገት ይፋቅና ጸረ ዝገት ይቀባ። በቃ።

ገባ። እማዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ ሰላም እንኳ አላላትም። ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና ወደ እኔ ዞረ።

«አባወራ የለም?»

«በስልክ የተነጋገርነው እኔና አንተ ነን» አልኩት።

«እሱማ ነው፤ ስለ ዋጋ የማነጋግረው ወንድ ካለ ብዬ ነው እንጂ።»

በአያቴ ቤት፣ በራሴ ደመወዝ፣ እናቴ እየሰማች! ዋጠው ብዬ ዋጥኩት፤ ክረምቱ ደርሷልና። የፈለግሁትን አንድ በአንድ ነገርኩት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አንቺ፣ ይሄን ጭቃ ምን ታደርጊዋለሽ? ሽቦ እንወጥርበትና በሲሚንቶ እንለስነው። ላዩን ኳርትዝ የሚባለውን ቀለም እንቀባዋለን። ይሄን አሮጌ በረንዳ ነቅለን በአሉሚኒየምና በመስታወት ስንዘጋው አላፊ አግዳሚው ቪላ ነው ይልሻል።»

ሲሚንቶ እንደማልፈልግ ነገርኩት። ምክንያቱንም አስረዳሁት። ያኔ ነው ወደ ረዳቱ ዞሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሰማህ? በጭቃ ለስኑልኝ ትላለች! አዲስ አበባ መሀል ተቀምጣ ጎጆ ልታሠራን ነው!» ያለው። ረዳቱ ሳቀ። በሩ ክፍት ስለነበር በመንገዱ የሚያልፉ ሁለት ጎረምሶችም ቆመው አብረው ሳቁ። እማዬ አንገቷን ደፋች። እኔን ያቃጠለኝ የእኔ መሰደብ አይደለም፤ የእሷ አንገት መድፋት ነው። በዚያ ቤት ተድራ ገብታ፣ ልጆች አሳድጋ፣ የአባቴን አስከሬን ከዚያው በረንዳ የሸኘች ሴት በቤቷ እንድታፍር ተደረገች!

«በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ቆይቻለሁ» አለኝ ደግሞ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሲሚንቶ ልስን ከጭቃ ግድግዳ ላይ በሳንቃ በሳንቃው ሲወርድ አላየህም? ብዬ ጠየቅሁት። መልስ የለውም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶም ይተፋል። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው፤ አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፤ የገባው ውኃ መውጫ ያጣል። ውስጥ ለውስጥ ማገሩና ምሰሶው ይበሰብሳል። ቁስል ሳያጥቡ በፋሻ መጠቅለል ማለት ይኼው ነው! ጭቃና ኖራ ግን ከግድግዳው ጋር አብረው ይተነፍሳሉ። ቢሰነጠቁም በየዓመቱ በትንሽ ወጪ ይደፈናሉ፣ ይቀባሉ። ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ፊቱን በሲሚንቶ አስለስነው ሲመረቅ በልተናል፣ ጠጥተናል። ጥቂት ክረምት አልፎ የማዕዘኑ ምሰሶ ከሥሩ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። ጥድ እኮ ነው! ጣሊያን ገብቶ ሲወጣ የቆመ ጥድ በልስን ሞተ።

ደግሞ ሁሉም ሰው ቀለም ቀለም ይላል። ዋናው ጠላት ውኃ ነው! በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበት፣ አብዛኛውም በክረምት የሚዘንብበት ከተማ ውስጥ አሸንዳ ሳይጠግኑ ቀለም መቀባት ገንዘብ ወንዝ መጣል ነው። ከክፈፉ የሚወርደው ውኃ መሬት መትቶ እስከ ጉልበት እየተረጨ ነው ግድግዳውን ከሥር የሚበላው። ይህን ስነግረው ሰዓቱን ያያል።

ሲበዛብኝ የባለፈው ዓመት ቀለም ቀቢም ትዝ አለኝ። በረንዳውን ብቻ ቅባ ተብሎ፣ እኔ ሥራ ውዬ ስመለስ ከግድግዳው ግርጌ ያለውን የአያቴን ጥርብ ድንጋይ በጥቁር ዘይት ቀለም ለቅልቆት አገኘሁት! «ዞኮሎ ጥቁር ነው የሚያምረው» አለኝ። እስካሁን በብሩሽ እየፋቅሁ ነው። ቆጣሪ ሊገጥም የመጣውስ? ስንት ባዶ ግድግዳ እያለ የተቀረጸውን ሳንቃ ሰንጥቆ ምስማር መታበት። ኖራ ፍለጋ የገባሁበት ሱቅ ባለቤትም «ለሽንት ቤት ነው?» ብሎኛል። ለቤቴ ፊት ነው ስለው በሐዘኔታ አየኝ።

እነዚህን ቤቶች የጎዳቸው እርጅና ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሚሆንበት አዋጅ ወጣ፤ ያ አዋጅ ቁጥር 47 ማለት ነው። ለእኛ ይኼ ቤት ቀረልን፣ ከጀርባ ያለው የአያቴ ሁለተኛ ቤት ደግሞ የቀበሌ ሆነ። ተከራዩ ያለ ፈቃድ ምስማር አይመታም፤ የሚከፈለው ኪራይ ደግሞ አንድ ቆርቆሮ አይቀይርም። ስለዚህ ማንም ሳይነካው ከአሥር ዓመት አሥር ዓመት እየተሻገረ አረጀ። ከዚያ ሰው መጥቶ «አሮጌ ሰፈር» ይላል!

ከ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ወዲህ ደግሞ አስፋልት ዳር ያለው ሁሉ ፊቱን እያሳመረ ነው። ይመር፣ ማን ጠላ? ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ፣ አንድ ዓይነት መስታወት መሆን አለበት ወይ? ጣይቱ ሆቴል ሄዳችሁ የእንጨቱን በረንዳ እዩት። የራስ ብሩ መኖሪያ የነበረውን የአዲስ አበባ ሙዚየም እዩት። ሰው ፊታቸው ቆሞ ፎቶ የሚነሳው እኮ እንጨታቸው ስላልተነቀለ ነው። የእኛ በረንዳ የእነሱ ታናሽ ወንድም ነው፤ በክብር ይኑር ብል ምን አጠፋሁ?

ሰውየው ሊወጣ ሲል የተናገረው ግን አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «ነገ ለሚነሳ ቤት ይሄን ያህል ምን አደከመሽ?» አለኝ። ለዚህ መልስ አልሰጠሁትም፤ አቅም አጣሁ። ሊነሳም ይችላል፣ ማን ያውቃል። እስኪነሳ ድረስ ግን እናቴ ትኖርበታለች። የምትኖርበት ቤት ፊቱ ታጥቦ፣ አሸንዳው ቀጥ ብሎ፣ በሩ ሳይዝግ ልታየው ይገባታል። ነገ ከነገ ወዲያ የሚለውን ለነገ እንተወው፤ ዝናቡ ግን ዛሬ ማታ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ ልመናዬ ይኼ ነው። ጭድ አቡክቶ ጭቃ የሚለስን፣ ኖራ በጥብጦ የሚያሳርፍ፣ አሮጌ እንጨት ሳይነቅል የሚጠግን አናጢ የምታውቁ በውስጥ መስመር ስልኩን ላኩልኝ። በዕድሜ የገፉ ሽማግሌ ቢሆኑ ደግሞ እሰየው፤ መጓጓዣቸውን እኔ እችላለሁ፣ ምሳቸውም ከእኛው ጋር ነው። ሰኔ ሳይጠብቅ፣ ቢቻል በዚህ ሳምንት። ሲመጡ መጀመሪያ እማዬን ሰላም ይበሉ፤ ስለ ዋጋ ደግሞ ከእኔ ጋር ይነጋገሩ። ሲሚንቶ የሚል ሰው እንዳትልኩብኝ!