የቨርጂኒያ ንፋስ፣ የአዳማ ንፋስ

ሰሞኑን በየዋትስአፕ ግሩፑ የምትዞር ቪዲዮ አለች። አሸዋ ላይ የተጋደመ የሞተ ዓሣ ነባሪ ይታያል። የሚቀርፀው ሰውዬ "ይሄ ሁሉ ባሕር ላይ በሚተክሉት የንፋስ ማመንጫ የመጣ ነው" እያለ ይጮኻል። ከሥር የእኛ ሰዎች ሁለት ቦታ ተከፍለዋል። አንዱ ወገን "ፈረንጅ ለዓሣ ያለቅሳል፣ ለሰው ሲሆን ግን ዝም" ይላል። ሌላው "አገር ማለት እንዲህ ነው፣ ለእንስሳው እንኳ ተቆርቋሪ አለው" ይላል። እኔ ሁለቱም አልተዋጡልኝም።

መጀመሪያ ነገሩን እናጥራው። ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች በየወሩ ከምንከፍለው የመብራት ቢል ውስጥ ለዚሁ የንፋስ ማመንጫ የምትሄድ ገንዘብ አለች፣ ስለዚህ አያገባንም ማለት አንችልም። ዶሚኒየን የሚባለው የመብራት ኩባንያ የሚያስገነባው ነው። ከቨርጂኒያ ቢች ዳርቻ 43 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አትላንቲክ ላይ። 176 ተርባይኖች አሉት፣ በድምሩ 2,600 ሜጋ ዋት ገደማ። በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች ይዞ 153 ሜጋ ዋት ነው (አዋጁን ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ልዩነቱን እዩት። የባሕሩ አንድ ተርባይን ከአዳማው ዘጠኝ ተርባይን በላይ ያመነጫል።

ወደ ዓሣ ነባሪው ስንመጣ፣ በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ሃምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ከወትሮው በላይ መሞት የጀመሩት በ2016 ነው። ቨርጂኒያ ባሕር ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የሙከራ ተርባይኖች የቆሙት ደግሞ በ2020። ከተመረመሩት አስከሬኖች 40 በመቶ ያህሉ ላይ የተገኘው ምልክት መርከብ እንደገጨው ወይም የዓሣ ማጥመጃ ገመድ እንደተጠመጠመበት የሚያሳይ ነው። የባሕር እንስሳትን ጉዳይ የሚከታተለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ኖዋ፣ ለማመንጫ ቦታ ሲፈለግ የሚደረገው የባሕር ጥናት ድምፅ ዓሣ ነባሪ እንደገደለ የሚያሳይ ሳይንሳዊ ማስረጃ የለም ብሏል። ቪዲዮዋ ላይ ያለው ሰው ይሄን ሁሉ ዘሎታል።

ግን "ምንም ጉዳት የለውም" ማለትም አይደለም። ለተርባይኑ እግር የሚሆነው ወፍራም የብረት ቱቦ በመዶሻ ነው ወደ ባሕሩ ወለል የሚመታው። ያ ድምፅ ውኃ ውስጥ ሩቅ ይሄዳል፣ ዓሣ ነባሪ ደግሞ ኑሮው በመስማት ነው። በዚያ መስመር የሚያልፈው ራይት ዌል የሚባለው ዘር በዓለም ላይ የቀረው ከ400 ያነሰ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ የተሰጠው በቅድመ ሁኔታ ነው። ምሰሶ መምታት የሚቻለው ከሜይ እስከ ኦክቶበር ብቻ ነበር፤ ዓሣ ነባሪው በሚያልፍበት ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ክልክል ነበር። በሚመታበት ጊዜም ዙሪያውን ከባሕሩ ወለል አየር እየነፉ የአረፋ መጋረጃ ይሠሩ ነበር፣ አረፋው ድምፁን ይውጠዋል። መርከብ ላይ ሥራቸው ባሕሩን ማየት ብቻ የሆነ ሰዎች ነበሩ። እንስሳው ብቅ ካለ ሥራው ይቆም ነበር።

እነዚህ ግዴታዎች የመጡት ከአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው ነው፤ ፕሮጀክቱ ከመጽደቁ በፊት በተፈጥሮና በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚጠናበት ማለት ነው። በ2021 ክረምት፣ የአገር ቤቱን ክረምት ማለቴ ነው፣ መንግሥት "ይሄን ልገመግም ነው፣ ምን ምን ልይ?" ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። በ2022 ማብቂያ ረቂቁ ወጣ። በ2023 ሴፕቴምበር የመጨረሻው ወጣ። ሰነዱን ከፍቼ ዋና ዋናውን አየሁት። ደረቅ ነው፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ግን ሁለት ነገር አስገረመኝ። አንደኛ፣ "ባይሠራስ?" የሚል ጥያቄ በሕግ የግድ ነው። ማመንጫው ባይተከልም መርከቡ መሄዱን፣ ባሕሩ መሞቁን፣ ዓሣው መጠመዱን አይተውም፤ እና ጉዳቱ የሚለካው ከዚያ ጋር ተነፃፅሮ ነው። ሁለተኛ፣ ጉዳቱን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል፦ ኢምንት፣ አነስተኛ፣ መካከለኛ፣ ከባድ። እና "ከባድ" የሚለውን ቃል ራሳቸው ላይ ይጽፉታል። መንግሥት በመርከብ እየዞረ የዓሣ ብዛት የሚያጠናበት ሥራ በተርባይኖቹ ምክንያት ከባድ ጉዳት እንደሚደርስበት ያው የመንግሥት ሰነድ ይናገራል። እኛ አገር "ፕሮጀክቱ የራሴን ሥራ ያበላሽብኛል" ብሎ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት እስካሁን አልገጠመኝም።

ሌላው የመልሱ ነገር ነው። ሰው የጻፈው ጥያቄና ተቃውሞ ሰብሰብ ተደርጎ በሰነዱ አባሪ ላይ መልስ ይሰጠዋል። "እናመሰግናለን፣ ተቀብለናል" ብሎ ማለፍ አይበቃም። መጀመሪያ የታሰበው ተርባይን ከ200 በላይ ነበር። በሰሜን በኩል ዓሣ የሚሸሸግበትና አጥማጆች የሚወዱት ቦታ አለ፤ የጸደቀው አሰላለፍ ያንን ቦታ ለቅቆ ነው 176 ላይ ያረፈው። "ለዓሣ ያለቅሳሉ" ላላችሁት፣ ከዚህ የተጠቀመው ዓሣው ብቻ አይደለም፣ ጀልባውን ይዞ የሚወጣው ሰውም ነው።

አሁን ደግሞ "አገር ማለት እንዲህ ነው" ላላችሁት። ማሳቹሴትስ ላይ ኬፕ ዊንድ የሚባል ፕሮጀክት ነበር፣ 130 ተርባይን። በ2001 ታሰበ፣ በ2017 ሞተ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በየፍርድ ቤቱ ተጎተተ። ከተቃዋሚዎቹ መካከል ከባሕሩ ፊት ለፊት ቤት ያላቸው የናጠጡ ሀብታሞች ነበሩበት፣ ግራ ዘመሙም ቀኝ ዘመሙም። ወፉም ዓሣውም ሰበብ ሆነ እንጂ ዋናው እይታቸው ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነው የማነበው። እዚያው ማሳቹሴትስ በ2024 ጁላይ ቫይንያርድ ዊንድ ላይ ከ100 ሜትር በላይ የሚረዝም አንድ ክንፍ ተሰብሮ ስብርባሪው ናንተኬት ደሴት ዳርቻ ተበተነ፣ ሰው እንዳይዋኝ ተከለከለ። ያ ሁሉ ወፍራም ሰነድ ክንፉን አላዳነውም። በ2025 ጃንዋሪ 20 ደግሞ አዲስ ፕሬዚዳንት ገብቶ በዚያው ቀን በአንድ ፊርማ አዲስ የባሕር ንፋስ ፈቃድ እንዲቆም አደረገ። ስለዚህ ነገሩን ገነት አታድርጉት።

አገር ቤት ባሕር የለንም፣ ንፋሱ ግን አለን። አሸጎዳ፣ አዳማ፣ አይሻ፣ አሰላ። ንፋሱ በደንብ የሚነፍሰው ደግሞ ወንዞቻችን በሚቀንሱበት በበጋ ስለሆነ ከግድቦቹ ጋር ይተጋገዛል። ደግ ነገር ነው፣ ይብዛልን።

ሕግም አለን። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ያለ ተፅዕኖ ግምገማ ፈቃድ አይሰጥም ይላል። ሪፖርቱ ለሕዝብ ይቅረብ፣ አስተያየት ይሰብሰብበት ይላል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 92 ላይ ሰው በቀጥታ የሚነካው ፕሮጀክት ሲታቀድ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ብሏል። ወረቀቱ ከአሜሪካኑ የሚያንስ አይመስለኝም። ግን ያው አዋጅ ሪፖርቱ ተመርምሮ ውሳኔ የሚሰጥበትን ጊዜ 15 የሥራ ቀን አድርጎታል። 15 ቀን! ሰው ሪፖርቱን ሰምቶ፣ አንብቦ፣ ተወያይቶ፣ ጽፎ፣ መልስ አግኝቶ? ጊቤ ሦስት ደግሞ ግንባታው በ2006 ተጀምሮ ግምገማው የጸደቀው በ2008 ነው። ቤቱ መሠራት ከጀመረ በኋላ "መሠረቱን የት እናድርገው?" እንደማለት ነው።

መሬቱ ለአንድ ፕሮጀክት የተወሰደበት ዘመድ አለኝ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። "ጋሼ፣ አወያይተዋችሁ ነበር?" አልኩት በስልክ። "አዎ፣ ጠርተውናል" አለኝ። ምን ጠየቋችሁ ስለው ሳቀ። "የሚጠይቁንማ ነገር የለም፣ ካሳው ስንት እንደሆነ ሊነግሩን ነው። ችካሉ ተተክሏል እኮ!" ስብሰባው ግን ሪፖርት ላይ "ኅብረተሰቡን አሳትፈናል" ተብሎ እንደሚገባ አልጠራጠርም። ፎቶም ተነስተዋል።

"ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው መብራት በሌለበት አገር ሁለት ዓመት ስለ ወፍ ስናወራ ልንከርም ነው?" የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፣ እኔም ጨለማ ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ። ግን እስቲ እውነቱን እናውራ። ፕሮጀክቶቻችንን የሚያዘገያቸው ግምገማው ነው እንዴ? ብድር ነው፣ ዶላር ነው፣ ኮንትራክተር ነው። ብድሩ እስኪለቀቅ ዓመታት ሲጠበቅ ወፉን መቁጠር፣ ገበሬውን መጠየቅ፣ መንገዱን በየት እናሳልፈው ብሎ መዞር ይቻላል። የሚያዘገየው ነገር የለም።

ወፉን የማነሳው ለጌጥ አይደለም። ስምጥ ሸለቆው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ንስሮችና ሽመላዎች በየዓመቱ የሚያልፉበት ትልቅ መንገድ ነው። እነዚህ ወፎች ክንፍ እያርገበገቡ አይደለም የሚጓዙት፣ ከሸንተረሩ በሚወጣው ሞቃት አየር እየተንሳፈፉ ነው። እኛ ደግሞ ተርባይን የምንተክለው ያው ንፋሱ ያለበት ሸንተረር ላይ ነው። ጥንብ አንሳ በዓመት አንድ ጫጩት ነው የሚያሳድገው፤ ጥቂት ከሞቱበት የሚተካው በብዙ ዓመት ነው። ኬንያ ካጂያዶ ላይ ኪፔቶ የሚባል 60 ተርባይን ያለው ማመንጫ አለ። እዚያ ከአካባቢው ሰው የተቀጠሩ ወፍ ጠባቂዎች ሰማዩን ሲያዩ ይውላሉ፣ ጥንብ አንሳ ወደ ተርባይኑ ሲጠጋ ያንን አንድ ተርባይን ለጥቂት ጊዜ ያስቆሙታል። ለወጣቱ ሥራ ሆነ፣ መብራቱም አልጠፋም። ዓሣ ነባሪ ሲታይ መዶሻውን ከማቆም ጋር አንድ ዓይነት አሠራር ነው፣ ያውም በጎረቤት አገር።

አዳማና አሰላ ማመንጫዎቹ አጠገብ የምትኖሩ ወይም እዚያ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ከተርባይኑ ሥር የወደቀ ወፍ የሚቆጥር ሰው አለ? ካለስ መዝገቡን ለማን ነው የሚያስረክበው?