እርማት፦ ሜንካፕን የመሠረተው ብራያን ሪክስ አይደለም

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች የሚረዳውን የብሪታኒያ በጎ አድራጎት ድርጅት ሜንካፕን “ተዋናዩ ብራያን ሪክስ መሠረተው” ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ትክክል አይደለም። ሪክስ ዋና ጸሐፊ ሆኖ የመጣው በ1980 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ድርጅቱ ያኔ 34 ዓመቱ ነበር።

የጀመረችው ጁዲ ፍራይድ የምትባል እናት ናት። ልጇ የአእምሮ እድገት ውስንነት ነበረባት። በዚያን ጊዜ እንደ እሷ ያሉ ብዙ ልጆች “መማር አይችሉም” ተብለው ከትምህርት ቤት ውጭ ይደረጉ ነበር። ወላጅ ወይ ቤት ያውላቸዋል፣ ወይ ለትልቅ ሆስፒታል አሳልፎ ይሰጣቸዋል። ጁዲ በ1946 ነርሰሪ ወርልድ ለተባለ መጽሔት ጻፈች፤ ተመሳሳይ ችግር ያለባችሁ ወላጆች አግኙኝ አለች። ንዴትና ሐዘን የሞላባቸው ደብዳቤዎች ጎረፉላት። ማኅበሩ የተወለደው ከዚያ ነው።

ማኅበሩ በ1958 ብሩክላንድስ የተባለውን ጥናት አስጀመረ። ከሆስፒታል የወጡ ልጆች በትንሽ ቤት ውስጥ እንደ ቤተሰብ እንዲኖሩ ተደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ በንግግርም ከሰው ጋር በመግባባትም በግልጽ ተሻሽለው ተገኙ። በእኔ እምነት የድርጅቱ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እነዚህን ልጆች ጨምሮ ሁሉም ልጆች የመማር መብት ያገኙበት ሕግ የወጣው በ1970 ነው።

ዛሬ ሜንካፕ አዋቂዎችንም በራሳቸው ቤት እንዲኖሩ ያግዛል፤ ምግብ በማብሰል፣ አስቤዛ በመግዛት፣ ሥራ በመፈለግ።

የሪክስ ውለታ ትልቅ ነው። የእሱም ልጅ ዳውን ሲንድረም (አብሮ የሚወለድ፣ የአእምሮ እድገትን የሚገድብ ሁኔታ) ነበረባት፤ ዝናውን ለዚህ ጉዳይ አውሏል። የእናቶቹ ልፋት ግን በእሱ ስም መሸፈን የለበትም።