ሲስተርን ማን ጠየቃቸው?

ወገኖቼ፣ ጡረታ የወጡ እናቶቻችንና አባቶቻችን የት እንደሚኖሩ የምንወስነው እኛ ነን። እነሱን አንጠይቅም። ሽሮ ሜዳ አንዲት እናት ላይ ይህ ሲደረግ ዓይኔ እያየ ነው፤ እስከ ዛሬም ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ሰፈራችን ሲስተር ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን በመንግሥት ሆስፒታል በነርስነት ያገለገሉ ናቸው። 60 ዓመት ሲሞላቸው እንደ ሕጉ ጡረታ ወጡ። መጀመሪያ ላይ በጣም ከብዷቸው ነበር። ጠዋት በልማድ ተነሥተው ለባብሰው የሚሄዱበት ያጣሉ። በር ላይ ቆመው ታክሲ የሚጠብቀውን ሠራተኛ ሲያዩ ይቆዩና ይመለሳሉ። ቀስ በቀስ ግን ሰፈሩ ራሱ ሥራ ሆነላቸው። የማን ስኳር ከፍ እንዳለ፣ ማን የግፊት ክኒኑን እንዳቋረጠ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አራስ ጠያቂው በር ላይ ሲደርስ እሳቸው ቀድመው ውስጥ ናቸው። የእድር ስብሰባ ሲኖር የግፊት መለኪያቸውን በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ስብሰባው ሲበተን ሽማግሌው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ይሰለፍላቸዋል። ጡረታን የለመዱት እንዲህ ነው። በሰው።

ከዚያ ባለቤታቸው ሞቱ። የሙት ዓመቱ እንዳለፈ ልጆቹ ተሰበሰቡ። አንዷ ከአሜሪካ መጥታለች፣ አንዱ በስልክ ነው፣ ትልቁ እዚሁ አዲስ አበባ ያለው ነው። ከጎረቤትና ከእድሩም ሽማግሌ ተብለን ተጠራን። ነገሩ ተቆርጦ ኖሯል። ግቢው ይሸጣል። ደላላው ገዢ አግኝቷል። «ይህ ሁሉ ግቢ ለብቻሽ ምን ያደርግልሻል?» ይሏቸዋል። ሲስተር ቡና እያፈሉ ነበር። የራሳቸው ቤት ሲሸጥ ቡና የሚያፈሉት እሳቸው ናቸው!

ሕጉን ለማያውቅ ልንገር። በትዳር ዘመን የተፈራ ቤት ግማሹ የሚስት ነው። ልጆች የሚወርሱት የአባታቸውን ግማሽ ነው። አባት ሞቷልና እናታችሁን አስነሥታችሁ ዛሬውኑ ሽጡ የሚል ሕግ የለም። ሲስተር አልሸጥም ቢሉ መብታቸው ነበር። እዚያ ከተቀመጥነው መካከል ይህን የሚያውቅ ሞልቷል።

ሁለተኛውን ቡና ቀድተው ሲጨርሱ ሲስተር ጠየቁ። «እኔስ የት ልኖር ነው?»

ትልቁ ልጅ ሳቀ። «እማዬ ደግሞ! የኔ ኮንዶሚኒየም ባዶውን ተቀምጦ የለ እንዴ? አንቺ ምንም አታስቢ።»

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ቀበል አደረጉና «አዎ ሲስተር፣ ልጆችሽ ያውቁልሻል» አሉ። ሌላውም ደገመው። ሌላውም። እኔ ቡናዬን ጠጥቼ ዝም አልኩ። ሲስተር ዞር ዞር ብለው ሁላችንንም አዩን። ከዚያ በቀጠሮው ቀን ሄደው ፈረሙ። የድርሻቸው ብር «እንዳትቸገሪበት» ተብሎ በልጁ ስም ባንክ ገባ።

ኮንዶሚኒየሙ ኮዬ ፈጬ ነው። ሽሮ ሜዳ የከተማው ሰሜን ጫፍ ነው፤ ኮዬ ፈጬ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። የሲስተር ጉልበት ደግሞ ድሮም ያማቸዋል። በየዋርዱ ቆመው የኖሩ ሴት ናቸው እኮ! ውኃ ላይ ድረስ የሚወጣው በፈረቃ ነው። በጠፋ ጊዜ ጀሪካን የሚያወጣላቸው የጎረቤት ልጅ እስኪገኝ ይጠብቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ለመሳም አንዴ ከወረዱ ለመመለስ በየፎቁ መቀመጥ ነው። ልጁ ይህን አያይም፤ አስቤዛ በመኪና አምጥቶ፣ ጉንጫቸውን ስሞ ይሄዳል። ክፉ ልጅ አይደለም። ሰው ሲጠይቀው «እናቴን ምንም አላጎደልኩባትም» ይላል፣ እውነቱንም ይመስለዋል።

አብረዋቸው አርባ ዓመት የኖሩ ጎረቤታቸው ሲሞቱ ሲስተር የሰሙት ከሠልስቱ በኋላ ነው። ማንም አልደወለላቸውም። እኛ፣ የእድር ሰዎች፣ አልደወልንላቸውም።

ይቅር ማለት ያቃተኝ ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ሲስተር ራሳቸው መላ ፈለጉ። ከጡረታቸው አጠራቅመው ሽሮ ሜዳ፣ ከድሮ ግቢያቸው ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ባልቴት ጋ ሰርቪስ ቤት አገኙ። አንድ ክፍል ናት፤ መሬት ላይ፣ ቧንቧው ደጃፏ ላይ። ቀብድ ከፈሉ። ፊታቸው ላይ ያንን ደስታ ካየሁ ቆይቼ ነበር። በማግሥቱ ልጁ መጣ። ባልቴቷን በር ላይ አስቁሞ «እናቴን ለማኝ ልታደርጊያት ነው? ልጅ እንደሌላት ሰርቪስ ቤት ልትኖር?» ብሎ ጮኸባት። ቀብዱን ተቀብሎ እናቱን በመኪናው ጭኖ ሄደ። ሰፈርተኛው ወጥቶ ያያል። ምን አለ መሰላችሁ? «እውነቱን ነው፤ ልጆች እያሏት ምን ይሁን ብላ ነው?» አለ።

እፈሩ! እሳቸው እኮ በእጃቸው ያልወጉት ልጅ በዚያ ሰፈር የለም!

ልጁን ብቻ መውቀስ ይቀላል። ልጁን ያስጮኸው ግን «ሰው ምን ይለኛል» ነው። ያ ሰው ማን ነው? እኛ ነን። ሲስተርን አራተኛ ፎቅ ላይ ያስቀመጣቸው የእኛ አፍ ነው። እናቱን የት መኖር ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀ ልጅ፣ በፍላጎቷ ለብቻዋ ያኖራት ልጅ፣ በእኛ ሐሜት «እናቱን የጣለ» ይባላል። እያስነባ አጠገቡ ያስቀመጠ ደግሞ ይመረቃል።

ለዚህ ነው በዚህ አገር ለሽማግሌ ሁለት ቦታ ብቻ የቀረው፤ የልጅ ቤት ወይም ጎዳና። መቄዶንያን የመሰሉ ማኅበራት ከጎዳና ያነሣሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። በመሐል ግን የራሱን ጡረታ እየበላ፣ በለመደው ሰፈር፣ ቁልፉን በራሱ ኪስ ይዞ ማርጀት የሚፈልግ ሰው አለ። ለሱ የሚሆን ነገር አላሰብንም። የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አረጋውያንን አቅሙ በፈቀደ እንዲረዳ ያዛል። መንግሥት ሰፈር ሲያፈርስና ሲያዛውርም ሽማግሌውን ከእድሩ እንዳይነጥል ልንጠይቀው ይገባል። ግን በምን አፋችን? እኛው ራሳችን እየነጠልን?

ጡረታው ራሱ እንደምታውቁት ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው የሚደርሰው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 55 በመቶ ነው። ገበያው በየወሩ ይጨምራል፣ ጡረታው ግን አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ልጅ መደገፍ አለበት፤ የቤተሰብ ሕጉም ያስገድደዋል። መደገፍ ግን መውሰድ ማለት አይደለም። ያንኑ አስቤዛ ሽሮ ሜዳ ማምጣት ይቻል ነበር።

እናንተም ለጡረታ የተቃረባችሁ፣ እባካችሁ አሁን ተናገሩ። ጉልበት ሳለ፣ ልጆቹ ሳይሰበሰቡ፣ ደላላ ሳይመጣ። የት ማርጀት እንደምትፈልጉ በግልጽ ንገሯቸው። ቤት በስጦታ የምታዛውሩም ዕድሜ ልካችሁን እንድትኖሩበት ሕግ አዋቂዎች የአላባ መብት የሚሉትን በውሉ ላይ አስጽፉ። ልጆቼን ማመን አነሰኝ ወይ ብላችሁ አትፈሩ። ሲስተርም ያምኑ ነበር።

ያዘነ ሰው ብዙ ይናገራል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ማታ ቤት ስትገቡ እናታችሁን ጠይቁ። «እንደ ፈቀዳችሁ» ካለቻችሁ አትመኗት፤ በሌላ ቀን ደግማችሁ ጠይቁ። እንደዚያ የምትለው እንዳታስቸግራችሁ ነው።

ሲስተር አሁንም ኮዬ ናቸው። የእድር መዋጮአቸውን በየወሩ ሰው ይዞላቸው ይመጣል፤ አንድም ወር አላሳለፉም። ሽማግሌ ልከን ልጁን እናነጋግረው ብዬ ባለፈው ስብሰባ አንሥቼ ነበር። «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ተብሎ ታለፈ። ቤቱ ሲሸጥ የቤተሰብ ጉዳይ ነው አላልንም፤ ተጠርተን ሄደን ቡና ጠጥተናል። በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና አነሣዋለሁ። ያኔ «ልጆችሽ ያውቁልሻል» ያሉት ትልቁ ሽማግሌ ከስብሰባ ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርገው «እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» ብለውኛል። ልጁ ይስማን አይስማን አላውቅም። ሁለት ሆነን ግን እንሄዳለን፤ ሌላ የሚጨመር ካለም ይምጣ።