ሐሳቡን ማን ተከለባቸው?

በካናዳ ነባር ሕዝቦች መንደሮች ወጣቶችን በአቻ ለአቻ ረዳትነት አሰልጥኖ ራስን ማጥፋትን ስለመከላከል ሰሞኑን በተነሳ ክርክር፣ አንድ ተናጋሪ «ሥራው የባለሙያ ነው፤ ለጎረምሳ ስለ ሞት ማስተማር ሐሳቡን ጭንቅላቱ ውስጥ መትከል ነው» ሲሉ ሰማሁ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 የክሪ ሕዝብ መንደር የሆነችው አታዋፒስካት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጀችው፣ በአንድ ቀን ብቻ 11 ሰዎች ሕይወታቸውን ለማጥፋት ከሞከሩ በኋላ ነው። ማን ተክሎባቸው ነበር? በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር ጥናቶች ሲያሳዩ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ እኚህ ሰው ግን ዛሬም ዝምታን እንደ መድኃኒት ያዝዛሉ።

ደግሞስ የትኛው ባለሙያ? በአውሮፕላን መጥቶ፣ የልጆቹን ስም እንኳ ሳያጠና የሚመለሰው? የ15 ዓመት ልጅ ሲጨንቀው ቀጠሮ አያስይዝም። እኩለ ሌሊት ላይ ለጓደኛው መልእክት ይልካል፤ «ለማንም እንዳትናገር» ብሎም ያስምላል። የሚወደውን ጃኬት ለሌላ ሲሰጥ፣ ከሆኪ ልምምድ ሲቀር አስቀድሞ የሚያየው ያው ጓደኛ ነው። «ልጆች ላይ ሸክም አትጫኑ» የሚሉ ሁሉ ይህን ይስሙ፦ ሸክሙ እነሱ ላይ ከተጫነ ቆይቷል። እስካሁን የተሸከሙት ብቻቸውን፣ ምን እንደሚሉ ሳያውቁ፣ ምስጢር ባወጣ ከዳሁት፣ ባላወጣ ገደልኩት እያሉ ነው። ስልጠናው የሚሰጣቸው፣ ሳይፈሩ እንዴት እንደሚጠይቁ፣ የትኛው ምስጢር እንደማይጠበቅና በዚያ ሰዓት የማንን አዋቂ በር እንደሚያንኳኩ ነው። በሩን የሚከፍት አዋቂ መኖር አለበት፤ ይህን እቀበላለሁ። ሌላውን አልቀበልም።

በአሜሪካዋ አሪዞና የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች፣ የኋይት ማውንቴን አፓቼዎች፣ ለአደጋ የተጋለጠ ሰው ሁሉ እንዲመዘገብ ደንግገው፣ የራሳቸውን ሰዎች አሰልጥነው ቤቱ ድረስ እየላኩ ተከታተሉት። በራስ ማጥፋት የሚሞተው ሰው መጠን 38 በመቶ ቀነሰ። ከመንደሩ ሰው ይልቅ እንግዳ ያድናል የሚሉ እስቲ ቁጥራቸውን ያምጡ።

በካናዳዋ ኦንታሪዮ ያለችው የነባር ሕዝቦች መንደር ዋፔኬካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016፣ ልጃገረዶች አብረው ለመሞት መማከራቸውን ሰምታ፣ አራት የአእምሮ ጤና ሠራተኞች ቀጥራ ለማሰልጠን 376 ሺህ ዶላር ገደማ ለመነች። የፌዴራሉ ጤና መሥሪያ ቤት ጥያቄው የመጣው በጀት ከተደለደለ በኋላ ነው አለ። በጥር 2017 ሁለት የ12 ዓመት ልጃገረዶች ሞቱ። ገንዘቡ የተፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው።