መሬቱ ከየት ይምጣ?

የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ትቶ ለእርሻ ገጠር የገባ ሰው ከመጀመሪያው ዓመት ያተርፋል የሚል ጽሑፍ አንብቤ አሳስቦኛል። መሬቱን ከየት ያመጣዋል? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ከቤተሰቡ ያላገኘ ሰው ተከራይቶ ማረሱ ነው። እኔ ጉራጌ አገር በአባቴ ይዞታ ላይ እንሰት ተከልኩ። ባለቤቴና ጎረቤቶቿ የመጀመሪያውን እንሰት የፋቁት በአምስተኛው ዓመት ነው። እስከዚያ ጤፉንም፣ ዘይቱንም፣ ጨውንም በጥሬ ገንዘብ ገዝተናል። ያወጣን የጓሮው ጎመንና በሦስት ወር ገደማ የደረሰው ድንች ነው። ዛሬ ቆጮው ከጉድጓድ ሲወጣ ሽታው ግቢውን ይሞላዋል፤ ኪራይ የሚጠይቀኝም የለም። ግን እባካችሁ፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት ቀለብ የሚሆን ገንዘብ ሳትይዙ ሥራችሁን አትልቀቁ። ልጆች ያላችሁ ደግሞ የትምህርት ቤቱን መንገድ አስቀድማችሁ በእግራችሁ ሂዱበት፤ በክረምት፣ ጭቃው ሳይደርቅ።