እርማት፦ ከባድ ስቲክ ነጯን ኳስ አያቀናም

ሰሞኑን የአዳማ ፑል ተጫዋቾች የምትቀባበሉት ነገር አለ፦ "ከባድ ስቲክ ያዝ፣ በጎን ብትመታት እንኳ ነጯ ከመስመሯ አትወጣም።" ይቅርታ ወንድሞች፣ ይሄ ልክ አይደለም።

ነጯን ቀኝ ጎኗን ስትመቷት ትንሽ ወደ ግራ ታፈነግጣለች፣ ግራዋን ከሆነ ወደ ቀኝ። ምን ያህል እንደምታፈነግጥ በዋናነት የሚወስነው የስቲኩ ጫፍ፣ ኳሷን ከሚነካው ቆዳ ጀምሮ አንድ ስንዝር የሚሆነው ክፍል ክብደት ነው። ጫፉ ሲቀል ማፈንገጡ ይቀንሳል። የተለመደ ስቲክ ከ510 እስከ 600 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ አብዛኛው ክብደት ግን እጀታው ጋ ነው። ከባዱ እጅ ላይ ረጋ ይላል፣ እሱ እውነት ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል። መስመር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከፊት ለፊት ጠርዝ ያለች አንድ ምልክት ላይ አነጣጥሩና መጀመሪያ መሃሏን ምቱ፤ ከዚያ በዚያው አቅጣጫ፣ እጀታውን ከፍ ሳታደርጉ፣ ቀኝ ጎኗን ጠንከር አድርጋችሁ ምቱና ከምልክቷ ስንት ጣት እንደራቀች እዩ። በሌላ ክብደት ስቲክ ድገሙት። ቆዳው የተበላ ስቲክ ግን አትውሰዱ፣ ቾክም ቀቡ፣ ያለዚያ ያንሸራትታል።

ክብደቱን አምኖ ማነጣጠሩን የማያስተካክል ሰው በጎን ሲመታ ቀላሏን ኳስ ይስታል፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያላክካል።